ሥራ ነች በይ

ሰው አገር ሊያይ ሲነሳ እንደ ሌባ የሚደበቀው ለምንድን ነው? ባሕር ማዶ ኮሎምበስ ከተማ ያለን ሐበሾች ይህ አመል አለብን። ቤት መግዛትም ሆነ ጉዞ ሰው ጆሮ ከገባ ይበላሻል እንላለን። ኑራ እባላለሁ። ጎረቤቴ እፀገነት ቤት የሆነውን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

እፀገነት አረጋውያንን በመንከባከብ ነው የምትተዳደረው። እናቷን እትዬ ብርነሽን ካመጣቻቸው ወዲህ ዕረፍት ወጥታ አታውቅም። ባለፈው ጥር ግን ወደ ፖርቶ ሪኮ ዋና ከተማ፣ ወደ ሳን ሁዋን፣ ርካሽ ቲኬት አገኘች። ሻንጣ እንዳያስከፍሏት ልብሷን አንዲት የጀርባ ቦርሳ ውስጥ ጠቀጠቀች። ከማታውቃቸው ሴቶች ጋር በሚተኛበት ክፍል አንድ አልጋ ተከራየች፤ ስንቅ እንዲሆናትም ዳቦ ቆሎ ያዘች። በዚህስ ብልህ ናት፤ አላማትም። ለእናቷ ፍሪጁን በምግብ ሞላችና፣ "ቶሎ እመለሳለሁ እማዬ። ማንም ቢጠይቅሽ ሥራ ነች በይ" ብላ ሄደች።

በማግስቱ ሪከንባከር ሰፈር ካለው ከምሠራበት የዕቃ መጋዘን ስመለስ ሾርባ ይዤ አንኳኳሁ። እትዬ ብርነሽ በሩን ተደግፈው ቆሙ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"አሞዎታል እንዴ እትዬ?"

"ትንሽ ራሴን ነው።"

"እፀገነትን ኮል ላድርግላት?"

"ተያት፣ ሥራ ነች። ማታ ትመጣለች።"

"እስክትመጣ አብሬዎት ልቀመጣ።"

"አይ ልጄ፣ አንቺም ደክሞሻል። ግቢና ተኚ።"

መሄዷን ያኔ አልሰማሁም፤ ልጃቸው ማታ የምትመጣ ከሆነ ምን ልበል? ሾርባውን አስቀምጬ ወጣሁ።

በነጋታው ባንኳኳ የሚከፍት ጠፋ። እፀገነት ጋ ብደውል አታነሳም። የአፓርትመንቱን ኃላፊ ለምኜ በሩን አስከፈትኩ። እትዬ ብርነሽ ወጥ ቤት ወለል ላይ ወድቀዋል። ስትሮክ ነው አሉ ሐኪሞቹ፤ ቶሎ ቢደረስላቸው ኖሮ ይህን ያህል አይጎዱም ነበር።

እፀገነት የተውኩላትን መልእክት ሰምታ፣ የባሕሩ አሸዋ ከጫማዋ ሳይራገፍ ሆስፒታል ደረሰች።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት። በጣም ተናድጄ ነበር።

"ሰው ከሰማ አይሳካም ብዬ ነው። ደግሞ እናቷን ጥላ ትዝናናለች ብለው እንዳያሙኝ።"

"ይሙሽ። የሚያማሽ ሰው ቢያንስ የት እንዳለሽ ያውቃል። ቁልፍሽን ለእኔ ሰጥተሽ፣ ባሕርሽን አይተሽ በሰላም ትመለሺ ነበር እኮ።"

አንገቷን ደፍታ አለቀሰች።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው እኮ ጎረቤት ሲያውቅ ነው። ወገኖቼ፣ ሂዱ፣ አገር እዩ፤ ግን ለአንድ ሰው እንኳ ተናገሩ። እፀገነት ዛሬ ገበያ ስትወጣ እንኳ ትነግረኛለች።

እትዬ ብርነሽ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተርፈዋል። ሰው መለየት ግን ተስኗቸዋል። ልጃቸው እጃቸውን ይዛ አጠገባቸው ተቀምጣ፣ "እፀገነት የት አለች እትዬ?" ብዬ ስጠይቃቸው ወደ በሩ ያያሉ።

"ሥራ ነች" ይሉኛል። "ማታ ትመጣለች።"