የለሜሳ ስልሳ መርፌ

ብታምኑም ባታምኑም ይህ በእኔ በኤሌኒ ላይ የደረሰ ነው። ጨለማ አሳስቷት ነው እንዳትሉኝ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው የሆነው።

ነሐሴ 1972 ዓ.ም.፣ ለቡ።

የዛሬውን ለቡ አታስቡ። ያኔ ገጠር ነበር... ማሳ፣ ጭቃ፣ ወንዝ። እኔ የሃያ ሦስት ዓመት ጤና ረዳት ነበርኩ። ከመካኒሳ በእግሬ እየተመላለስኩ፣ የገበሬ ማኅበሩ በሰጠን አንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤት ብቻዬን እሠራ ነበር። ሰዉ "ዶክተር" ሲለኝ አላርመውም። ትዕቢት ነበረብኝ፣ አልዋሽም።

ለሜሳ የሚባል ገበሬ ሳንባ ነቀርሳ ይዞት መጣ። ሚስቱ ገዲሴ የመጀመሪያ ልጃቸውን ከወለደች ገና ሁለት ሳምንቷ ነበር።

"ስልሳ ቀን፣ ስልሳ መርፌ" አልኩት። "አንድ ቀን ከቀረህ እንደገና ከአንድ እንጀምራለን። እስክትጨርስ ደግሞ ልጅህን እንዳታቅፍ። ትገድለዋለህ!"

"ስጨርስስ?"

"ስትጨርስ ታቅፈዋለህ።"

አንድ ቀን አልቀረም። እሁድ እንኳ ለእሱ ብዬ እመጣ ነበር። እየሳለ ይገባል፣ ጥርሱን ነክሶ ይወጋል፣ ከዚያ ይጠይቀኛል።

"ስንት ቀረኝ?"

በአርባ አንደኛው ቀን ሲመጣ አልሳለም።

መድኃኒቱ ሠራ ብዬ ደስ አለኝ! እንዲያውም "አላልኩህም?" ብዬ ተኮፈስኩበት።

በማግስቱ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ለሜሳ ገባ... ጋቢው ደረቅ ነው። ኮንጎ ጫማው ላይ ጭቃ የለም።

ስወጋው ሥጋው እንደ ሊጥ ሆነብኝ። መርፌውን ስነቅል መድኃኒቱ መልሶ ፈሰሰ። ደም ግን አንዲት ጠብታ አልወጣም። ያኔ መርፌ እየቀቀልን፣ ሲደንዝ በድንጋይ እየሳልን ነበር የምንሠራው። ስለዚህ ጥፋቱን በመርፌው አላከክሁ።

"ስንት ቀረኝ?" አለኝ በሹክሹክታ።

እንዲህ እያለ አርባ ዘጠኝ ደረስን።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ገዲሴ ልጇን አዝላ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። ፀጉሯን ተላጭታለች።

"ዶክተር... ስሙን ከመዝገብ ሰርዢው ብዬ ነው።"

"የማንን?"

"የለሜሳን። ከቀበርነው እኮ ዘጠኝ ቀኑ።"

መዝገቡን ለመክፈት የዘረጋሁትን እጄን መለስኩ።

"ሲሞት እንኳ 'ሃያ ብቻ ቀረኝ' ይል ነበር" ብላ አለቀሰች። "ልጁን አንድ ቀን ሳያቅፈው..."

ከሄደች በኋላ ካርዱን አወጣሁ። አርባ ዘጠኝ ምልክት። የመጨረሻዎቹ ዘጠኙም በእኔ እጅ፣ በእኔ እስክሪብቶ የተጻፉ ናቸው።

በማግስቱ ልቀር ነበር። ግን ሥራ ላይ ያልተገኘ በዚያ ዘመን ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ፣ "ፀረ አብዮት"። ሄድኩ። ሰዉ ሁሉ ለግዴታ ስብሰባ ወጥቷል፣ ግቢው ጭር ብሏል።

አራት ሰዓት ሲሆን በሩ ተከፈተ።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እኔን አያየኝም። መርፌውን ነው የሚያየው።

በልቤ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው... ይሂድልኝ። ሁለተኛ አይምጣብኝ።

"ዛሬ... መርፌ የለም" አልኩት።

"ለምን?"

"ጨርሰሃል።"

"ድኛለሁ?"

"ድነሃል። ወደ ቤትህ ሂድ።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ፈገግ አለ።

"ልጄን ላቅፍ?"

ለጨረሰ በሽተኛ ሁሉ የምንለው ነገር አለ። ምላሴ ለምዶታል። ሳላስበው አመለጠኝ።

"አዎ... አሁን ማቀፍ ትችላለህ።"

ተነስቶ ወጣ።

ምን እንዳልኩ የገባኝ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ጮህኩ! ነጠላ ጫማዬን ጥዬ በጭቃው ሮጥኩ። ከፊቴ ማንም የለም፣ ዱካም የለም። ወንዙ ዳር ገዲሴን አገኘኋት። እንስራ ተሸክማ ወደ ቤቷ እየተመለሰች ነበር።

"ልጁስ?"

"አስተኝቼው ነው የወጣሁት። ምነው ዶክተር? ምን ሆነሻል?"

እጇን ይዤ ጎተትኳት። እንስራው ወድቆ ተሰበረ።

የጎጆውን በር ገፋሁት።

ውስጥ ማንም አልነበረም። ሕፃኑ አያለቅስም።

"ዶክተር..." አለች ገዲሴ ከኋላዬ፣ በሹክሹክታ። "ማነው ያቀፈው?"

ሕፃኑ ከመደቡ በላይ፣ በደረት ከፍታ፣ በባዶ አየር ላይ ተጋድሟል። ቀስ... ቀስ እያለ ይወዛወዛል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ትንሿ እጁ የሆነ ነገር፣ እኔ የማላየውን ነገር፣ አጥብቃ ጨብጣለች።