ያልተቃኙት አራት ክሮች

ቤቱ ሁለት ክፍል ብቻ ነበር። በፊተኛው ክፍል የልብስ ስፌት መኪና፣ የተከመሩ የተማሪ ዩኒፎርሞችና በቁሟ ክፉ ክፉ የምታልም አንዲት እናት። በኋለኛው ክፍል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ፣ ከአልጋዋ በላይ ደግሞ ምስማር ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ ባለ አራት ክር የሙዚቃ መሣሪያ፣ ባሪቶን ኡኩሌሌ። ከጊታር ያንሳል፣ ከሌሎቹ ኡኩሌሌዎች ይገዝፋል። እንጨቱ በእድሜ ጠቁሯል፤ ድምፁ ግን ጎልማሳ ሰው በቀስታ የሚያንጎራጉር ይመስላል። ያመጣው የእናትየው ባል፣ ቀለም ቀቢው ነበር። ቤታቸውን ሲቀባላቸው አንድ ጡረታ የወጡ የሙዚቃ መምህር፣ "ከእኔ ጋር ከሚቀበር ካንተ ጋር ይኑር" ብለው ሰጡት። ጎረቤታቸው ጸጉር ሠሪዋ አራቱን ክሮች ቆጥራ፣ "ይቺ ጊታር ገና ሕፃን ናት፤ ሁለት ጥርስ ይቀራታል!" ብላ ሁሉንም በሳቅ ገድላቸው ነበር።

ያ ሁሉ ሳቅ የት ገባ? ባል አንድ ቀን ጠዋት መሰላሉን ተሸክሞ ወጣ። ማታ የተመለሰው መሰላሉ ብቻ ነበር...

ባሏ ከመሰላሉ ወድቆ ከሞተ ወዲህ እናት የማትፈራው ነገር አልነበረም። ልጇ ስታስል ሳንባዋ፣ ስትዘገይ መኪና፣ ስትስቅ እንኳ "ነገ ሊያስለቅሰን ነው" ትላለች። ልጅቷ ግን አመሻሽ ላይ አባቷ ያስተማራትን ዜማ ትጫወታለች። ጆሮዋ እንደ አባቷ ነው፤ አንዱ ክር ጥቂት ከረገበ ሎሚ እንደመጠጠ ሰው ፊቷን ታጨማድዳለች። እናት ዜማውን በሰማች ቁጥር ያ መሰላል ይታያታል። አንድ ቀን ዓይኗ ከስፌቱ ላይ ተነሣና የስፌት መኪናው መርፌ ጣቷን ወጋት።

"በቃ! ሁለተኛ በዚህ ቤት የዚህ ነገር ድምፅ እንዳይሰማ!" ብላ ጮኸች።

ልጅቷ ኡኩሌሌውን ምስማሩ ላይ ሰቀለችው።

በሳምንቱ ትኩሳት ጣላት። አንገቷ እንደ እንጨት ደረቀ። ሃያ ቀን ሆስፒታል ተኛች። እናት አልጋው ሥር ተንበርክካ፣ "ፈጣሪዬ፣ እሷን ብቻ መልስልኝ! ቀኑን ሙሉ ትጫወት፣ አፌን አልከፍትም!" እያለች አለቀሰች። ልጅቷም ዳነች።

እናት ግን መዳኗን አላመነችም። አስራመደቻት፤ እግሯ ደህና። ከሩቅ ጣት አሳይታ አስቆጠረቻት፤ ዓይኗ ደህና። ልጅቷ ዝምታ ብቻ አብዝታለች። የእናቷን ከንፈር ትክ ብላ ታያለች፣ ለሁሉም ነገር መልሷ "እሺ እማዬ" ነው። ድካም ነው፣ አለች እናት። ከባሏ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደግ ደጉን አሰበች!

ቤት በገቡ በሦስተኛው ቀን ቃሏን ልትፈጽም ኡኩሌሌውን አወረደች። ክሮቹን አርግባ አቧራውን ጠረገች፣ መልሳ በግምት አጠበቀቻቸው። ልትጠይቃቸው የመጣችው ጸጉር ሠሪ ክሩን ነካ አደረገችና ጆሮዋን ያዘች።

"ኧረ በሞቴ! ይሄ እኮ ጅራቷን የተረገጠች ድመት ነው!"

"ተይ፣ እሷ ትቃኘዋለች። መጀመሪያ ፊቷን ስታጨማድድ ልይላት" አለች እናት እየሳቀች።

ልጅቷ ኡኩሌሌውን እንደ ሰው አቀፈችው። ሁለቱ ሴቶች ያንን የሎሚ ፊት ጠበቁ። አልመጣም። ዓይኗን ጨፈነችና የአባቷን ዜማ ጀመረች። ጣቶቿ አንድም ቦታ አልሳቱም፤ ድምፁ ግን በድንጋይ ላይ እንደሚጎተት ጣሳ ነበር። ልጅቷም ፈገግ አለች!

የጸጉር ሠሪዋ ሳቅ አፏ ውስጥ ቀረ። እናት ዞራ ከልጇ ጀርባ ቆመች።

"ልጄ?"

ዜማው ቀጠለ።

"ልጄ! እሳት! ቤቱ እየተቃጠለ ነው!"

ልጅቷ ትጫወታለች... እናት ወለሉ ላይ ዘጭ አለች። ያኔ ወለሉ ሲንቀጠቀጥ ተሰምቷት ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች። የሁለቱን ፊት አየች። እጇ ከክሩ ወረደ።

"አወቅሽ፣ እማዬ?" አለች፣ ድምፅዋን መመጠን አቅቷት እየጮኸች። "እንዳትደነግጪ ብዬ እኮ ነው። አንቺ ሁሉን ነገር ትፈሪያለሽ።" ቆየት ብላም፣ "የአባዬን ዜማ ተሳሳትኩ እንዴ?"

እናት እንባዋን እየዋጠች ራሷን ነቀነቀች፤ አልተሳሳትሽም!

ሐኪሙ ትኩሳቱ የጆሮዋን ነርቭ እንደገደለው፣ መስማቷም እንደማይመለስ ነገራቸው። "እንዳይሰማ" ያለችው እናት ነበረች። ታዲያ ያ ቃል ተናጋሪዋን ትቶ ስለ ምን ልጇን መታ? ይህን ጥያቄ ስንት ሌሊት ጣሪያው ላይ አፍጥጣ ጠየቀች!

በወሩ ኡኩሌሌውን ታቅፋ የሽማግሌውን የሙዚቃ መምህር በር አንኳኳች።

"ጋሼ፣ መቃኘት ያስተምሩኝ" አለቻቸው።

"መጀመሪያ አዳምጪ፣ ልጄ። ከዚያ ነው የምታጠብቂው" አሏት።

አሁን አመሻሽ ሲሆን የስፌት መኪናው ዝም ይላል። እናት አራቱን ክሮች አንድ በአንድ ትቃኛለች። ልጅቷ አገጯን እንጨቱ ላይ አስደግፋ፣ ንዝረቱን በአጥንቷ እየተቀበለች ትጫወታለች። ሰው በር በሩን ሲጠብቅ መከራ በጣሪያ ይገባል፤ ዕጣ ፈንታችንን አንመርጠውም። እናት ግን ይህን ዜማ ዳግመኛ ሸሽታው አታውቅም።

"ልክ ነው፣ እማዬ?" ትላለች ልጅቷ ከንፈሯን እያየች።

"ልክ ነው።"

"በይ እንግዲህ፣ ለእኔም ስሚልኝ።"