ሦስተኛው ብልጭታ

«ባትሪው አርጅቷል» አለ ባራኒኮ።

«ያረጀ ነው የሚሻለኝ» አለ ሰውዬው።

የይለፍ ቃሉ ተሟላ። ባትሪው ከእጅ ወደ እጅ ተሻገረ። ውስጡ ባዶ ነው፤ በሆዱ የያዘው ጥፍር የምታክል የድምፅ ካርድ ብቻ ነው።

ቀትር ነው። ቴባራ ደሴት ላይ በቀትር ከዝንብና ከሰላይ በቀር የሚንቀሳቀስ የለም። ሁለቱ የቆሙት የደረቀ ኮኮናት በሚከማችበት መጋዘን፣ በጆንያዎቹ መሃል ነው። ውጭ ዕቃ ጫኟ መርከብ ቆማለች። ባሕሩ ሞልቶ ከአለቱ በላይ ሲያሳልፋት ትሄዳለች፤ ሁለት ሰዓት ቢቀራት ነው።

ለደሴቱ ሰው ባራኒኮ «ቲያኦን» ነው፤ ከማኪን ደሴት የመጣ የሶላር መብራት ጠጋኝ። ለባሕር ማዶው ቢሮ ደግሞ «ጨው» ነው። ተቀባዩ «ቄሱ» ይባላል፤ ኮኮናት ገዢ መስሎ የሚዞር ፈረንጅ። በዚያ ሁሉ አሸዋ ላይ እንደ ሚስዮን ቄስ ጥቁር የቆዳ ጫማውን አላወልቅም ስላለ ነው ስሙ የወጣለት። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ማለት ይኸው ነው።

ተልእኮው አንድ ጥያቄ ነበር። ከአሥራ አራት ቀን በፊት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ አንድ የባዕድ መርከብ የምታሳድድ የጥበቃ ጀልባ አለቱ ላይ ወጥታ ተሰበረች። ሁለት ሰው ሰጠመ። ከደሴቱ በኩል መብራት ታየ ተባለ። ያበራው ማን ነው?

ቢሮው ሦስት ምስክር አምጣ አለው። ሦስት ቀዳ። ሦስቱም ታንኳ ሠሪውን ሩቴሩን ጠሩ። ሁለት ፖሊሶች ሩቴሩን በዚችው መርከብ ጭነው ሊወስዱት መጥተዋል። አንዴ ከሄደ የሚመለስ አይመስልም።

ቄሱ ባትሪውን ኪሱ ከተተ። አልከፈተውም። አላዳመጠውም።

«መብራቱን ሦስቴ አነሣ፤ ባሕሩም መለሰለት» አለ ፈገግ ብሎ። «ያምራል አይደል?»



ካርዱ ውስጥ ያለው፣ ቃል በቃል፣ ይኸው ነው። ሦስቱም ምስክሮች ያሉት እንዲሁ ነበር።

«የት ሰማኸው?»

«ከመስማት በፊት መናገር አለ፣ ወዳጄ። ባለፈው ስመጣ ከካይንቶንግ ጋር ትንባሆ እያጨስን አጫወትኩት። ሽማግሌው ታሪክ ሲወድ አይጣል ነው።»

ባራኒኮ ያን ጊዜ ገባው። ቴባራ ላይ ታሪክ ባለቤት አለው። የባሕሩ ወሬ የካይንቶንግ ቤተሰብ ነው። ሌላው ሰው እሳቸው እንዳሉት ይደግመዋል፣ ወይም ዝም ይላል። አንድ ቃል መለወጥ ከጎረቤት ጓሮ እንደ መስረቅ ነው። ስለዚህ ሦስቱ ምስክሮች አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሽማግሌውም ቄሱ ነበር። ቢሮው ጮኾ የገደል ማሚቶውን አስቀድቷል።

«ሦስት ምስክር፣ አንድ ቃል» አለ ቄሱ። «ከዚህ የጠራ እውነት ከየት ይመጣል?»

«ለአለቆቻችን እነግራለሁ።»

«ምኑን? የራስህን ሪፖርት አስታውስ እንጂ። የዚያን ዕለት ምን ብለህ ጻፍክ?»

ባራኒኮ አስታወሰ።

ጎሕ ሲቀድ በመሰብሰቢያው ዳስ ምሰሶ ላይ አዲሱን መብራት እየገጠመ ነበር። «ሦስት ጊዜ ሞከርኩት፤ ይሠራል» ብሎ ጽፏል። ከምሰሶው እስከ ታንኳ ሠሪው ቤት አሥር እርምጃ ነው። ከባሕር ላይ ለሚያይ ሁለቱ አንድ ቦታ ናቸው። አሥራ አራት ቀን ሙሉ ጥፋተኛ ሲፈልግ የከረመው የራሱን እጅ ረስቶ ነው።

«ያንን ገጽ ቀድጄዋለሁ» አለ ቄሱ። «ውለታ ቁጠርልኝ። ቢሮው የሚፈልገው ለባዕድ መርከብ ምልክት የሚሰጥ ሰው ነው። መብራት ጠጋኝ ምን ያደርግለታል? አፍህን ከከፈትክ ግን መርከቧ ለሁለት እስረኛም ቦታ አላት።»

አሸዋውን ከጫማው አራግፎ ወጣ።

ግድግዳ የሌለው ትልቁ ዳስ በሰው ተሞልቷል። ሩቴሩ በሁለቱ ፖሊሶች መሃል ተቀምጧል። ባራኒኮን ሲያይ ጥርሱን ገለጠ።

«መጣህ፣ አንተ የማኪን ሰው? መብራትህ ትናንትም ጠፋ። የአማቴ ፈገግታ እንኳ ከሱ ይቆያል።»

ሰው ሳቀ። አማቱም ሳቁ፤ ወዲያው አይናቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ።

የባራኒኮ ቦታ ዳር ላይ ያለችው የእንግዳ ሰሌን ናት። እንግዳ ይበላል፣ ያመሰግናል፣ ያዳምጣል። በነገር ላይ ቃል የሚሰጥ በአያቶቹ ስፍራ የተቀመጠ ብቻ ነው።

ስፍራ ነበረው። ማንም አያውቅም እንጂ። ቢሮውም አያውቅም። በአራት ዓመቱ ከእናቱ ጋር ከቴባራ ወጥቷል። እናቱ ልትሞት ስትል፣ «በምሥራቅ በኩል፣ ሁለተኛው ምሰሶ ሥር። ባዶ ነው፤ ይጠብቅሃል» ብላዋለች። እዚህ በቆየባቸው ሁለት ወራት አንድ ቀን ወደዚያ ምሰሶ አይኑን አላሳረፈም። ሰላይን አይኑ ነው የሚያስይዘው።

አባባ ካይንቶንግ ታሪካቸውን ጨረሱ። «መብራቱን ሦስቴ አነሣ፤ ባሕሩም መለሰለት።» ፖሊሶቹ ሩቴሩን ክንዱን ይዘው አስነሡት።

ባራኒኮም ተነሣ።

ዳሱን አቋርጦ ሄደ።

ሁለተኛው ምሰሶ ሥር ተቀመጠ።

«አንተ ልጅ» አሉ እማማ ሮቲያ። ከሰጠሙት የአንደኛው፣ የጥበቃ ጀልባዋን ይመራ የነበረው ልጅ እናት ናቸው። «ተሳስተሃል። እዚያ የሚቀመጥ ዘር አልቋል።»

«አላለቀም፣ እማማ።»

«የማን ነህ?»

«የቢናታ ልጅ። የቴካሪካ የልጅ ልጅ። ስሜም ቲያኦን አይደለም፤ ባራኒኮ ነው።»

ስንት ወር የተለፋበት ስም በአንድ ትንፋሽ አለቀ። ከዳሱ ጫፍ ቄሱ አቀርቅሮ ጫማውን ያያል።

«መብራቱን ያበራሁት እኔ ነኝ» አለ ባራኒኮ። «ገጥሜ ስጨርስ ሞከርኩት። ሦስት ጊዜ።»

«ስንት አልክ?»

«ሦስት።»



«ሁለት ቢሆን ልጄ ይመለስ ነበር» አሉ እማማ ሮቲያ። «ሦስት ማለት መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው። ሲያድግ እኔው ነኝ ያስተማርኩት።»

ቴባራ ላይ ያደገ ሰው መብራት ሦስቴ አይሞክርም። በአራት ዓመቱ ለወጣ ግን ይህንን ማን ይነግረዋል? ሁሉ የሚያውቀውን የሚያወራ የለም።

አባባ ካይንቶንግ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይሄ የአያትህ ስፍራ ታሪክ ነው። የኔ ደግሞ የኔ። አንዱ ሌላውን አይበላውም።»

«አባባ፣ የሆነው ነገር እኮ አንድ ነው።»

«እሱን ባሕሩን ጠይቀው» አሉ። ከዚያ ወደ ፖሊሶቹ ዞሩ። «ሁለት ታሪክ ባለበት ሰው አይሰጥም። ዛሬ ከዚህ ዳስ ወስዳችሁ የምትጭኑት የለም።»

ማንም አልጮኸም፣ ማንም ዱላ አላነሣም። ወንዶቹ ብቻ ተነሥተው ከዳሱ እስከ ባሕሩ ድረስ ያለው መንገድ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መርከቧ ጥሩምባዋን ነፋች። ባሕር ደግሞ ፖሊስ አይጠብቅም፤ ሁለቱ ባዶ እጃቸውን ተሳፈሩ።

ቄሱ በባራኒኮ አጠገብ ሲያልፍ ፊቱን አላዞረም።

«ጨው የሚባል ሰው አናውቅም።»

ካርዱ አብሮት ሄደ። በቢሮው መዝገብ ሩቴሩ እስከ ዛሬ ጥፋተኛ ነው፤ ሦስት ምስክር ተቆጥሮበታል።

ባራኒኮን ሂድ ያለው የለም። እንዲያውም በማግስቱ እማማ ሮቲያ የተጠበሰ ዓሣ ላኩለት። ያንን ዓሣ መብላት ስፍራውን ተቀብሎ መኖር ማለት ነበር። እሱ ግን ጉርሻው አልወርድ አለው። ሩቴሩ በታንኳው ወደ ጎረቤት ደሴት አሻገረው።

ቴባራ ከኋላ ቀጭን መስመር ስትሆን፣ «ሁለት ነው» አለ ሩቴሩ።

«ምኑ?»

«ያን ጠዋት ነቅቼ ነበር። ሁለቴ ነው ብልጭ ያልከው።»

«ሦስት ብዬ ጽፌያለሁ።»

«መቼ ነው የጻፍከው?»

«ማታ።»

«እንግዲህ» አለ ሩቴሩ፤ ሸራውን ያስተካክል ጀመር።

ባራኒኮ ፊቱን አየው። ሕይወቱን ላተረፈለት ሰው ስጦታ እየሰጠ ነው? ወይስ ያየውን እየተናገረ? ሁለት ከሆነ ሦስተኛውን ማን አበራው? ከምሰሶው አሥር እርምጃ ርቆ ነቅቶ የነበረ ሰው ማን ነው?

አልጠየቀም። «ሁለት» የምትለዋ ቃል ጣፍጣዋለች። ቢሮው ገና ሲያሠለጥነው የሚጣፍጥህን ምስክር ጠርጥር ብሎታል፤ ከትምህርቱ ሁሉ እውነት የነበረችው እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ዛሬ በአንድ ሩቅ ወደብ፣ በሌላ ስም፣ የመርከብ መብራት የሚጠግን ዝምተኛ ሰው አለ። ምግብ ቤት ሲገባ ወንበሩ የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ አይቀመጥም፤ ይስቁበታል። መብራቱን ጠግኖ ሲጨርስ ይሞክረዋል።

አንድ።

ሁለት።

ከዚያ እጁ ማብሪያው ላይ ይቀራል።

«በቃ፣ ይሠራል እኮ» ይሉታል ጓደኞቹ።

እሱ ያንን ጠዋት እየቆጠረ ነው።