ሰዓት የሚያውቅ ሕመም

ብርድ ልብስ ውሃ ሲጠጣ በግ ያህል ይከብዳል። ራኒያ አንዱን ጫፍ በጉልበቶቿ መሃል አጣብቃ ሌላውን ስትጠመዝዝ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነበር። ዓይኗ ግን ብርድ ልብሱ ላይ አልነበረም። በሩ አጠገብ፣ ፀሐይ ቀድማ በምታርፍበት ቦታ፣ ታላቅ እህቷ ሸምሲያ ዱካ ላይ ተቀምጣ ቀኝ እጇን እንደ ታመመች ድመት ጭኗ ላይ አስተኝታዋለች።

«አንዱን ጫፍ ብቻ ያዥልኝ» አለቻት ራኒያ።

«አልችልም ራኒ። ጣቴ አልታጠፍ ብሎኛል።»

«ምላስሽ ግን ደህና ነው፣ አይደል?»

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። አብነት ሰፈር በሚገኘው ግቢያቸው ውሃ የሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አራት ሰዓት ላይ ደህና ዋሉ ብሎ ይሄዳል። የሳምንቱ ልብስ መታጠብ ያለበት በእነዚያ አራት ሰዓታት ውስጥ ነው። ድሮ አንዱን ቅዳሜ ራኒያ፣ አንዱን ሸምሲያ ነበር የሚያጥቡት። ካለፉት ሦስት ወራት ወዲህ ግን ቅዳሜ ሁሉ የራኒያ ሆኗል። የትምህርት ቤቱ የቮሊቦል ልምምድ ደግሞ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቲቸር ዘነበ ሁለት ጊዜ ምክንያቷን ሰማት። በሦስተኛው ስሟ ዝርዝሩ ላይ እንዳለ፣ እሷ ግን ሜዳው ላይ እንደሌለች ነግሯት ቦታዋን ለሌላ ልጅ ሰጠባት።

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ሸምሲያ ክርኗ ላይ ቀይ፣ ከፍ ያለ ነገር ወጣባት፤ ላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት ነጭ ሆኖ ይረግፋል። ከዚያ ጉልበቷ ላይ፣ ከዚያ ፀጉሯ ውስጥ ገባ። ጎረቤታቸው እትዬ ጠጅቱ ከበራፋቸው ሆነው አንዴ አዩና «ጭርት ነው» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ጭርት ሆነ።

ጭርት ደግሞ ይጋባል። ስለዚህ ሁለቱ አብረው የሚተኙበት አልጋ ለሸምሲያ ብቻ ተሰጠና ራኒያ መሬት ላይ ፍራሽ ተነጠፈላት። ለሸምሲያ አዲስ ሮዝ ፎጣ፣ የራሷ ማበጠሪያ፣ የራሷ ሳሙና ተገዛላት። ነጭ ሽንኩርት ተቀባች፣ ሎሚ ተቀባች፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ተቀባች፤ ከፋርማሲ የመጣ ቅባት ደግሞ ሳምንት አጥፍቶላት በሚቀጥለው ሳምንት እጥፍ አድርጎ መለሰው። አባታቸው ከልብስ ስፌት ቤቱ ሲመለስ ለሸምሲያ የአቮካዶ ጁስ ይዞ ይገባል። ራኒያ አቮካዶ ትወድ እንደሆነ የጠየቃት ሰው የለም። ሰው በጭርት ይቀናል? ራኒያ ቀንታለች።

የጣቱ ነገር የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የቀኝ እጇ የመሃል ጣት ከሥሩ እስከ ጫፉ እኩል አብጦ ትንሽ ሙዝ መሰለ። እናታቸው ወይዘሮ ዙሃራ ምች መትቷት ይሆናል ብላ ዳማከሴ አሸችላት።

ራኒያ ልታምናት ትችል ነበር፤ ሰዓቱ ባይኖር ኖሮ። ሸምሲያ ጠዋት የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያቅታታል። የሻይ ብርጭቆ የምታነሳው በሁለት መዳፏ ነው። ግን አራት ሰዓት ሆኖ ቧንቧው አየር ማስነጠስ ሲጀምር እጇ ይፍታታል። ስምንት ሰዓት ላይ ምንም እንዳልሆነ ሰው ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትጽፋለች። ይሄ ሕመም ሰዓት ያውቃል፣ አለች ራኒያ በልቧ። ሌላውን ትፎግር እንጂ እኔ ነቄ ነኝ።

ሁለት ሳምንት ስትሰልላት ቆየች። በሦስተኛው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ፣ ሸምሲያ ከግቢው ጫፍ ካለው የሺፋ ቤት በር ላይ ተቀምጣ ጓደኛዋን ሺፋን ሹሩባ ስትሠራት ደረሰችባት። ያውም ቀጭኑን፣ ክር ክር የሚያህለውን። አሥሩም ጣቶቿ ይሠሩ ነበር። ራኒያ ወደ ቤት ተመለሰች። እናቷ የአስር ሶላቷን ጨርሳ መስገጃዋን እስክታጥፍ ጠበቀች።

«እማ፣ የሸሙ እጅ ድኗል።»

«አልሐምዱሊላህ። ማን አለሽ?»

«በዓይኔ አይቼ ነዋ። ሺፋን ሹሩባ እየሠራቻት ነው።»

ሸምሲያ ተጠርታ ስትመጣ የፀጉር ቅባቱ ገና ጣቷ ላይ ያብለጨልጭ ነበር። እናቷ እውነት ነው ወይ ስትላት፣ ጠዋት እንደሚይዛት ከሰዓት ግን እንደሚለቃት ለማስረዳት ሞከረች።

«ውሃ ሲኖር ይይዝሻል፣ ውሃ ሲሄድ ይለቅሻል» አለች ራኒያ።

ወይዘሮ ዙሃራ ሳታስበው ሳቀች። ያ ሳቅ ነገሩን ጨረሰው። ሸምሲያ ራኒያን ሳይሆን እናቷን ትንሽ አየቻትና ቅዳሜ እሷ እንደምታጥብ ተናገረች። ከዚያን ቀን በኋላ «አመመኝ» የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ራኒያ ሜዳ ወረደች። አራት ሰርቭ ተከታትላ አስገባች፤ ቲቸር ዘነበም እንዲህ ከቀጠለች ቦታዋን እንደሚመልስላት ነገራት። እየዘፈነች ቤት ስትገባ ልብሱ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፤ እናቷም ለእትዬ ጠጅቱ የሸምሲያን ጉብዝና እየተረከች ነው። ራኒያ ሦስት ወር ሙሉ ስታጥብ ማንም «እጅሽ ይባረክ» አላላትም። ሸምሲያ አንድ ቀን አጥባ የሰፈር ወሬ ሆነች።

በሌላኛው ቅዳሜ ንጋት ላይ የብረት ድስት ድምፅ ቀሰቀሳት። ሰዓቱ አሥራ አንድ አልሞላም። ሸምሲያ ውሃ አሙቃ ሁለት እጇን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ነክራለች። የሻርፗን ጫፍ ነክሳ ጣቶቿን አንድ በአንድ ልታጥፍ ትሞክራለች። አይታጠፉም። ደግማ ትሞክራለች። ቤተሰቡ ሁሉ ተኝቷል፤ የሚያያት ሰው የለም። የሚያይ ሰው ከሌለ ለማን ነው የምታስመስለው? ሐሳቡ ራኒያን ደስ አላላትም። ብርድ ልብሷን እስከ ራሷ ስባ ስለ ቮሊቦል ማሰብ ጀመረች።

የመንፈቀ ዓመቱ እረፍት ሲደርስ የሸምሲያ ቆዳ ባሰበት። ግንባሯ ላይ ወርዶ ሻርፑም አልሸፍነው አለ። ወይዘሮ ዙሃራ በመጨረሻ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ልትወስዳት ወሰነች፤ የራኒያንም ራስ ያሳክካት ስለነበር ተጋብቶባት እንደሆነ ትታይ ብላ ይዛት ሄደች። ታክሲው ሜክሲኮ እስኪደርስ ራኒያ በውስጧ ፎጣ እየመረጠች ነበር። የእሷ ቢጫ ይሆናል።

ዶክተር ሠርካዲስ መነጽራቸውን ፀጉራቸው ላይ የሰኩ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ነበሩ። መጀመሪያ የራኒያን ፀጉር ከፈል ከፈል አድርገው አዩ።

«ፎረፎር ነው። ሻምፖሽን ቀይሪ።»

በቃ። አንድ ደቂቃ አልሞላም። ወደ ሸምሲያ ሲዞሩ ግን ወንበራቸውን ሳቡ። ክርኗን፣ ጉልበቷን፣ ከጆሮዋ ጀርባ አዩ። ቅርፊቱን በትንሽ የምርመራ መስታወት ጠርዝ ፋቅ አደረጉት። ከዚያ እጇን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው ጥፍሮቿን አንድ በአንድ ተመለከቱ፤ ጥፍሮቿ በመርፌ የተወጋጉ ይመስል ጥቃቅን ነጥብ ነበራቸው። በዘመድ እንዲህ ያለበት ሰው አለ ወይ ብለው ሲጠይቁ ወይዘሮ ዙሃራ አገር ቤት ያለችውን የባሏን እህት ጠቀሰች። ራኒያ ያችን አክስቷን ታስታውሳለች። ቆዳዋን ሳይሆን እጆቿን፤ ጣቶቿ ወደ ጎን ተጣመው ቀርተው ጉርሻ እንኳ ሰው ነበር የሚያጎርሳት።

«ይሄ ጭርት አይደለም» አሉ ዶክተሯ። «ሶሪያሲስ ይባላል።»

«ሶርያ?» አለች ወይዘሮ ዙሃራ። «ኧረ ዶክተር፣ እኛ ከአብነት ርቀን አናውቅም።»

ዶክተሯ ፈገግ ብለው ከአገሩ ጋር እንደማይገናኝ አስረዱ። ሰውነትን የሚጠብቀው ኃይል ተሳስቶ የራሱን ቆዳ እድገት ሲያጣድፈው የሚመጣ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ በፎጣም፣ በማበጠሪያም፣ አብሮ በመተኛትም። ራኒያ መሬት ላይ ያሳለፈቻቸውን ሁለት ዓመታት አሰበች። ዶክተሯ ያበጠውን ጣት ይዘው ነበር።

«ይሄስ ምን ሆነ?»

«በር ዘጋብኝ» አለች ሸምሲያ።

«ጠዋት ስትነሺ መገጣጠሚያሽን ያምሻል? ያደርቅሻል?»

«አያመኝም።»

ወይዘሮ ዙሃራ ድሮ ትንሽ አመመኝ ትል እንደነበር፣ አሁን ግን ተሽሏት ልብስ ሁሉ እንደምታጥብ ጨመረችላት። ዶክተሯ ጣቱን አለቀቁም። ይህ በሽታ አንዳንድ ሰው ላይ መገጣጠሚያ ውስጥ እንደሚገባ፣ ቶሎ ከተደረሰበት መድኃኒት እንደሚያቆመው፣ ከቆየ ግን አጥንቱን እንደሚበላውና የተጣመመ ጣት እንደማይቃና ተናገሩ። ሸምሲያ የወለሉን ንጣፍ ትቆጥራለች። ዶክተሯ እንደገና ጠየቋት፤ እንደገና አያመኝም አለች። የቅባቱን ወረቀት ለመጻፍ እስክሪብቶ አነሱ።

ራኒያ ከወንበሯ ጫፍ ላይ ሆና አሰላችው። ዝም ካለች ማንም አያውቅም፤ ሸምሲያ ራሷ ናት አያመኝም ያለችው። ከተናገረች ደግሞ ቅዳሜዋ ይሄዳል፣ ሸምሲያ ንግሥት ሆና ትቀራለች፣ እናቷም ማን እንዳሳቃት ታስታውሳለች። የአክስቷ ጣቶች መጡባት።

«ውሸቷን ነው» አለች።

ሁሉም ዞሩ። ሸምሲያ ፊቷ ተለዋወጠ፤ እንደገና ልታሳጣት መስሏታል።

«ያማታል። ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ጣቷ አይታጠፍም። ከዚያ ይለቃታል፣ ከሰዓት ሹሩባ ሁሉ ትሠራለች። አሁን አሁን በአሥራ አንድ ሰዓት ተነስታ ሙቅ ውሃ ውስጥ ትነክረዋለች። ልብስ ማጠብ እንድትችል።»

«ይህን ሁሉ እንዴት አወቅሽ?» አሉ ዶክተሯ።

«ስሰልላት ነበር። ላጋልጣት።»

ዶክተሯ እስክሪብቶውን አስቀመጡት። እሳቸውም ለእናትየዋ፣ ሌላ የመገጣጠሚያ ሕመም ሥራ ሲበዛበት እንደሚብስ፣ ይሄኛው ግን እረፍት ላይ ደርቆ ሲንቀሳቀሱ እንደሚፍታታ፣ ለዚህም ብዙ ሰው አስመሳይ እየተባለ እንደሚከርም ነገሯት። ከዚያ የሸምሲያን ጣት ከሥሩ ቀስ ብለው ጫን አደረጉት። ሸምሲያ አልጮኸችም፤ እንባዋ ብቻ ወረደ። ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ ወይዘሮ ዙሃራ እጇን ከሸምሲያ እጅ ላይ አላነሳችም። ራኒያ የተቀመጠችው ብቻዋን፣ ከኋላ ነበር። እውነት መናገር እንዲህ ብቻን የሚያስቀር ከሆነ ምን ይሠራል ብላ ተናደደች።

የደምና የራጅ ውጤት በሳምንቱ ደረሰ፤ የመገጣጠሚያ ሐኪምም አይቶ ተስማማ። ለቆዳው ቅባት፣ ለጣቱ ደግሞ ኪኒን ታዘዘ። ኪኒኑ የሚዋጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ዶክተር ሠርካዲስ ይህን ሦስት ጊዜ ደጋገሙት፦ በየቀኑ ከተዋጠ ይጎዳል፤ በየጊዜው የጉበት ምርመራ ይደረጋል፤ ጣቱ ለውጥ እስኪያሳይ ሁለትና ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል፤ በተዋጠ ማግስት ደግሞ ማቅለሽለሽና ድካም ሊኖር ይችላል።

ፋርማሲው መስኮት ላይ ሦስቱም ተደረደሩ። ባለሙያው የኪኒኑን ካርቶን ከፊቱ አስቀምጦ ማርከሩን ከፈተ።

«ቀኑን እዚህ ላይ እጽፈዋለሁ፣ እንዳትሳሳቱ። የትኛው ቀን ይሁን?»

«እሁድ» አለች ሸምሲያ ወዲያው።

ሸምሲያ ለምን እሁድ እንዳለች ራኒያ ገባት። እሁድ ከዋጠች የሚያማት ሰኞ ነው፤ ቅዳሜዋ ነፃ ነው፣ በደረቀ እጇም ቢሆን ልታጥብ አስባለች። ሰኞ ግን ትምህርት አለ። ሸምሲያ አሥረኛ ክፍል ናት፣ ማትሪክ ከፊቷ ነው። ሁለት ሦስት ወር ሰኞ ሰኞ እያቅለሸለሻት ክፍል ልትቀመጥ ነው። ወይዘሮ ዙሃራ ይህን አላሰበችውም። ራኒያን የጠየቃትም ሰው አልነበረም፤ እንደ ሁልጊዜው።

«አርብ ይሁን» አለች ራኒያ።

«አርብ ከሆነ እኮ ቅዳሜ አልችልም» አለች ሸምሲያ ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ።»

«ቮሊቦልሽስ?»

«አርብ ብለው ይጻፉት» አለች ራኒያ ለባለሙያው።

ሰውየው እናትየዋን አየ። ወይዘሮ ዙሃራ ራኒያን አየቻት፤ ቶሎ ዓይኗን አላነሳችም። ከዚያ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ማርከሩ ካርቶኑ ላይ ሲንሸራተት ራኒያ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ መንገዱ ዞረች፤ ለቲቸር ዘነበ ምን ብላ እንደምትነግረው ማሰብ ነበረባት።