ለሐጂ ይማም ግድብ የሰጠሁት ደረጃ

እኔ ጂን፣ ዛር፣ ቆሌ የሚባል ነገር አላምንም፣ አላምንም ስልህ ደግሞ ለወግ አይደለም፣ ሟርት የሚያወራ ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ እንኳ ይደብረኛል። የማምነው በሰው ተንኮል ነው። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ብሎ የተረተው ሰው የእኔን ሥራ ሳይሠራ አልቀረም፣ ሥራዬ ግድብ እየዞሩ አይቶ የደህንነት ደረጃ መስጠት ነዋ። ስለዚህ የምነግርህን ስትሰማ ቀድመህ አትሳቅብኝ፣ እኔም ተንኮለኛውን ፈልጌ ፈልጌ ነው ያጣሁት።

ነገሩ የሆነው አምና መስከረም ነው። ሐጂ ይማም የሚባሉ ሽንኩርት የሚያለሙ ሰው በአምባሰል በኩል ባለ ሸለቆ በራሳቸው ገንዘብ ያሠሩት ትንሽ የአፈር ግድብ ነበራቸው፣ ከግድቡ ሥር ደግሞ የሠራተኞቻቸው ሰባት ቤቶች ተደርድረዋል። «ዝቅተኛ ስጋት» ብዬ ከጻፍኩ ሰዎቹ እዚያው ይኖራሉ፣ «ከፍተኛ ስጋት» ካልኩ ውሃው ይለቀቃል፣ ሰዎቹ ይነሳሉ፣ ሽንኩርቱም ይደርቃል። የመሥሪያ ቤታችን መኪና ሁሉ ለግሸን ንግሥ ስለወጣ ከሐይቅ ከተማ በባጃጅ ብቻዬን ሄድኩ።

ሐጂ ገና ከባጃጁ ሳልወርድ ምሳ አቀረቡ። «መጀመሪያ ልለካ» ብላቸው፣ «ኧረ ወላሂ አይሆንም! በባዶ ሆድ የተለካ ልክ አይመጣም፣ ብላ ኢንጂነር!» አሉኝ። ጥብስ ዓሣው በበዛ ቁጥር ጥርጣሬዬም በዛ፣ የሚደብቁት ነገርማ አለ አልኩ በልቤ።

እንደበላሁ ግድቡ አናት ላይ ወጣሁ። እዚያ የምሠራው ቀላል ነው፣ ችካሎች በአንድ መስመር ተክዬ ሲባጎ እወጥርባቸዋለሁ፣ አፈሩ የሰመጠበት ቦታ ካለ ሲባጎው ያሳብቃል። ዘጠኝ ችካል ይዤ ነበር፣ ሁለቱ በመዶሻ ስመታቸው ተሰነጠቁብኝ፣ ሰባቱን በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፌባቸው ተከልኳቸው። ከዚያ መዶሻዬን እንደያዝኩ ከሐጂ ጋር ወደ ግድቡ እግር ወረድኩ፣ በአፈሩ ውስጥ ሰርጎ የሚወጣውን ውሃ በጀሪካን ልለካ። የሚወጣው ውሃ ንጹህ ከሆነ ግድ የለም፣ ከደፈረሰ ግን ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው ማለት ነው። አጎንብሼ አየሁት፣ ኩልል ያለ ንጹህ ነበር።

ጀሪካኑ ግማሽ እንኳ ሳይሞላ «ዱም» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ዱም»። ከላይም አይደለም፣ ከጎንም አይደለም፣ እመነኝ፣ ጆሮዬን ወደ ግድቡ አፈር ሳስጠጋ ነው የጎላው።

«ምንድነው እሱ ሐጂ?»

«ሰዓዳ ትሆናለች፣ በርበሬ እየወቀጠች» አሉኝ፣ ዓይናቸው ግን ከግድቡ ላይ አልተነሳም።

ሳላስበው ቆጠርኩት፣ ሰባት ጊዜ መታና ዝም አለ። ሐጂ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው፣ «ደግሞ ጀመረው» አሉ። «ምኑ ነው የጀመረው?» ብላቸው፣ «ምን አልኩ?» ብለው አፈጠጡብኝ።

ሮጬ ወጣሁ። ችካሎቹ የሉም፣ ሲባጎውም የለም። የቀሩት ሰባት ጉድጓዶች ናቸው፣ እነሱም እስከ አፋቸው ውሃ ሞልተዋል። ልብ በል፣ ግድቡ ውስጥ ያለው ውሃ ከአናቱ የአንድ ሰው ቁመት ያህል ዝቅ ብሎ ነው ያለው፣ ዝናብም ከጣለ ሳምንት አልፎታል፣ ታዲያ ያ ውሃ ሽቅብ ወጣ? ጣቴን ነከርኩት፣ ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። ይሄ የሐጂ ሰዎች ሥራ ነው እያልኩ ስበሳጭ ከታች ሴት ጮኸች።

ሰዓዳ ነበረች፣ ባሏ የሞተባት የሐጂ ሠራተኛ፣ የመጀመሪያው ቤት የእሷ ነው። ስደርስ ደጃፏ መሃል ቁጥር አንድ ተተክሏል፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ። ቁጥር ሁለት ጎረቤቷ ደጃፍ፣ እንዲህ እያለ እስከ ሰባት፣ ሲባጎውም ከበር በር ተወጥሯል። ደጁ ተረግጦ ድንጋይ የሆነ መሬት ነው፣ ችካሉን ልነቅል ብታገል ንቅንቅ አላለም፣ መዶሻው ደግሞ እኔው እጅ ላይ ነው!

«ማነው የተከለው?» አልኳት።

«ወንድሜዋ፣ እኔ እዚሁ በሩ ላይ ተቀምጬ ሽንኩርት ስለቅም ነበር፣ ወላሂ ከዚህ አልተነሳሁም፣ ቀና ስል ቆሞ አገኘሁት!»

ሙቀጫዋን አሳዪኝ አልኳት። ሙቀጫ የለኝም አለች። ፈራሁ፣ ምን ይደበቃል።

ማምሻውን ሐይቅ ገብቼ ቅጹን ዘረጋሁና «ከፍተኛ ስጋት» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ ግን «ምክንያት» የሚል ቦታ አለ። እዚያ ላይ ምን ልጻፍ? ችካሎቹ በእግራቸው ሄዱ ልበል? ባልደረቦቼ እስከ ጡረታዬ መሳቂያ ያደርጉኛል። «የሚሰርገው ውሃ ድፍርስ ነው» ብዬ ዋሸሁ። ውሃው ተለቀቀ፣ ሽንኩርቱ ደረቀ፣ ሰባቱ ቤተሰቦች በየዘመዱ ተበተኑ። ሐጂ ግን አንዲት ቃል አልተከራከሩኝም፣ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይኸው ነው፣ ሰው ያን ያህል ንብረት አጥቶ ዝም ይላል?

ከዚያ ወዲህ እኔ ወደ ኮምቦልቻ ተዛወርኩ፣ ሐጂም የሚያውቁትን ይዘው ወደ አኼራ ሄዱ። ልጃቸው የውሃ መልቀቂያውን ዘግቶ ግድቡን በክረምቱ ሞላና እንደገና ይታይልኝ ብሎ አመለከተ። ሌላ ባለሙያ ሄዶ የሚሰርገውን አየ፣ ንጹህ ነው። የእኔ ምክንያት ሐሰት ተባለ፣ ደረጃውም «ዝቅተኛ ስጋት» ሆነ።

ባለፈው ሳምንት ሰዓዳ ደወለችልኝ።

«ወንድሜዋ፣ ልጆቼን ይዤ ሰው ቤት ዓመት ሞላኝ፣ ቤቴ ልግባ ነው። ችካሉስ የሰው ተንኮል ነው አሉኝ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ በአላህ፣ ያ ውሃ ድፍርስ ነበር?»

አፌ ላይ ብዙ ነገር መጣ።

«አይ፣ ንጹህ ነበር» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች፣ ደስታዋ በስልክ ይሰማል፣ ዛሬውኑ ዕቃዬን አግዛለሁ ብላ ዘጋችው። እውነቱን ነው የነገርኳት፣ የጠየቀችኝን ያህል። ከትናንት ጀምሮ በዚያ በኩል ዝናቡ አላቋረጠም አሉ፣ እኔም መልሼ አልደወልኩላትም።