ከኋላችን የበራው ቀይ መብራት

«ቀዩን አንሳ!» አለኝ በሹክሹክታ።

ቀዩን ፔርሙዝ አቀበልኩት።

«መብራቱን ነው እንጂ! ሻይ አማረኝ አልኩህ?»

ሳቁ ግድ የለም። ግን ይሄን የሰማሁት ከሰው አይደለም፤ እዚያው ነበርኩ። አሜሪካ፣ ዋዮሚንግ፣ የመጋቢት ብርድ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። እኔና ጎረቤቴ ኦርቪል ከበጎቹ በረት በላይ ያለው ጉብታ ላይ፣ በረዶው ውስጥ ተቀምጠናል።

ኮዮቴ፣ ያ የሜዳ ተኩላችን፣ ጠቦቶቹን እየፈጀበት ነበር። «ዘንድሮም ካለቁብኝ መሬቱን እሸጣለሁ» ብሎኛል። አባቱም አያቱም የተቀበሩበትን መሬት!

ከተጋቡ ጀምሮ ለአደን መብራት የምትይዝለት ሚስቱ ኔልዳ ነበረች። በመኸር ቀበራት። በእሷ ቦታ እኔ ገባሁ... ምትክ ተገኘ ተብሎ!

«የብርሃኑን መሃል ኮዮቴው ላይ አታሳርፍ፤ በጠርዙ ብቻ ዳስሰው» አለኝ። «ቀይ ብርሃን ባያስደነግጠውም ዓይኑን ከወጋኸው ይሸሻል።»

«እሺ ጌታዬ።»

«እጅህ ይንቀጠቀጣል።»

«ብርድ ነዋ! ሁሉም እንዳንተ ከብረት የተሠራ መሰለህ?»

ኮዮቴውን እንዲስብልን ሜዳው ላይ ያስቀመጥነው ድምፅ ማጉያ እናቷ እንደጠፋባት ጠቦት ይጮሃል... ዝም ይላል... ደግሞ ይጮሃል።

ያኔ መብራቴ ጠፋ።

ባትሪው ብርዱን አልቻለም። ቁልፉን ተጫንኩ። መታ መታ አደረግኩት... ምንም።

ሜዳው ግን ቀይ እንደሆነ ነው።

ብርሃኑ ቀስ እያለ በረዶውን ይዳስሳል... በጠርዙ ብቻ... ሳይንቀጠቀጥ።

«ይኸው! አሁን ገባህ» አለ ኦርቪል፣ ዓይኑን ከጠመንጃው ሳይነቅል።

«ኦርቪል...»

«ዝም በል!»

«የኔ ጠፍቷል።»

እጄ ላይ ያለውን የጨለመ መብራት አየ። ወደ ኋላው ግን አልዞረም። እኔም አልዞርኩም።

መቆም የደከመው ሰው እግሩን ሲያቀያይር እንደሚሰማው፣ በረዶው ከኋላችን ቅርጭጭ አለ...

ኮዮቴው መጣ።

ብርሃኑ ጎኑ ላይ አርፎ ቆመ። እንስሳው አልሸሸም። ለመተኮስ ከዚህ የተመቸ አይገኝም።

«ተኩስ» አልኩት።

ጣቱን ከቃታው ላይ አነሳ።

«ከተኮስኩ ታጠፋዋለች።»

«ምን?»

«ሁልጊዜ እንደዚያ ነበረች። ጥይቱ ሲጮህ መብራቱን ታጠፋና ወደ ቤት እንገባለን።»

ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋደመው። እንባው ጢሙ ላይ በረዶ ሠርቷል።

ኮዮቴው በአጥሩ ሥር ሾልኮ ወደ በረቱ ገባ። በጎቹ መጮህ ጀመሩ። ቀዩ ብርሃን ከአጥሩ ላይ ሳይነቃነቅ ይጠብቃል...

«አንተ ሰውዬ፣ ጠቦቶችህ እኮ ናቸው!» አልኩት። «መሬትህስ?»

«በጎቹ ለከርሞም ይወልዳሉ» አለኝ።