ቡትስ ተጫምቶ የሞተው ፈረሰኛ

ውድነህ የሞተው ከገዛው ወር ባልሞላው ግቢ ውስጥ ነው። ዴንቨር አጠገብ ካለችው ከኦሮራ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው፣ መቶ ዓመት ባለፈው የገበሬ ቤት ደጃፍ፣ ማጅራቱ ተሰብሮ፣ ግራ እግሩ ከነቡትሱ እስከ ተረከዙ እርካብ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ፈረሱ አጠገቡ ሳር ይግጣል። የአካባቢው ሸሪፍ ፖሊሶች «ፈረስ ጎትቶት ነው» ብለው ሄዱ።

ሚስቱ ፀዳል አላመነችም። የቤት መግዣ ሞርጌጅ እንደ ከረሜላ በሚታደልበት በዚያ በፈረንጆቹ 2005 በጋ፣ ከተማ ያለውን የሞንትቤሎ ቤታቸውን ሸጠው የገዙት ይህ ግቢ ሕልማቸው ነበር። ስለዚህ አረጋሽን ጠራች።

አረጋሽ አዲስ አበባ ሳለች የተፈራች የፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ አሁን ዴንቨር ኤርፖርት ሻንጣ ትፈትሻለች። ዓይኗ ግን ጡረታ አልወጣም። ችግሩ፣ ውድነህ የሞተ ቀን ግቢው ውስጥ ከነበሩት ሦስት ሰዎች፣ ፀዳልን ጨምሮ፣ አንዱ ምናሉ መሆኑ ነው፤ ቤቱን ያሻሻጠው ኤጀንት፣ የሟች የልብ ወዳጅ፣ እናታቸው ስትሞት እሷ አዝላ ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ።

«ብቻ እሱ አይሁን» እያለች በልቧ፣ ከአብዱራህማን ጀመረች። ታክሲ ነጂ ነው፤ ቤቱን ፈልጎ በሟች ተቀድሟል፣ ኋላ ታርቀው ፈረሱን እዚያው አስቀምጧል።

«ቂም ይዘህበታል ይባላል።»

«ይዤ ነበር፣ እትዬ። አብረን ስንጋልብ ወጣልኝ።»

«ያን ቀንስ እንዴት ነበር?»

«ተናዶ ነበር። ጎረቤቱ ‹የዚህ ጉድጓድ ውሃ የተፈቀደው ለቤት ብቻ ነው፤ ፈረስ ማጠጣት ክልክል ነው› አለው። ምናሉ ይሄን አልነገረውም።»

ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ ውድነህ ግን ሞኝ አልነበረም፣ ወዳጁን አመነ እንጂ።

ምናሉን አጥሩ ጋ አገኘችው።

«ውድነህን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«ከሰዓት በኋላ። ፈረሱ ላይ ሆኖ እጁን አወዛወዘልኝ፣ እኔም ድራይቭ አድርጌ ሄድኩ። ደስ ብሎት ነበር፣ እታለም።»

«ምን ተጫምቶ?»

«ያንን ካውቦይ ቡትስ ነዋ! ሁሌ በሱ አይደል የሚጋልበው?»

ሌላ አልጠየቀችውም። ሦስቱንም ኩሽና ሰበሰበቻቸው።

«ፀዳል፣ ባልሽ እንዴት ነበር የሚጋልበው?»

«በባዶ እግሩ ነዋ። ቡትሱን አውልቆ፣ እርካቡን በጣቶቹ ብቻ ይዞ። በባዶ እግር የሚጋለብበት የእንጅባራ ሰው አይደል? ስንቴ ሳቅሁበት!»

አብዱራህማን «እውነት ነው» አለ።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች አረጋሽ። «ከፈረስ ቢወድቅ ኖሮ በባዶ እግሩ እናገኘው ነበር። ስለዚህ አልጋለበም። ቆሞ ሳለ ከኋላው ተመታ፤ ገዳዩም እግሩን ከነቡትሱ እርካብ ውስጥ ከተተ። ፀዳልና አብዱራህማን ይህን አይሳሳቱም፤ ሲጋልብ አይተውታል። ሲጋልብ አይቶት የማያውቀው አንድ ሰው ነው።» ወደ ወንድሟ ዞረች። «በቡትስ ሲጋልብ አየሁት ያልከኝ አንተ ነህ፣ ምናሉ። የውሃውን ነገር ደብቀህ ሸጥክለት። ሲነቃብህ፣ የኤጀንትነት ፈቃዴን ያስነጥቀኛል ብለህ ገደልከው።»

ምናሉ አልካደም። «ፀዳልን ‹አረጋሽን ጥሪ› ያልኳት እኔ ነኝ» አለ። «እህቴ ናት፣ አሳልፋ አትሰጠኝም ብዬ።»

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። ከግድያው ይልቅ ይህ ቃል የአረጋሽን አንጀት በጠሰው፤ ለካ ያሳደገችው ልጅ ለመሸፈኛነት ነው ያስጠራት። ፀዳል ፊቷን ከሁለቱም አዞረች።

አረጋሽ ሸሪፉ ጋ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ሴት የገዳዩን ሙሉ ስም ጠየቀቻት። «ምናሉ» አለችና፣ የአባቱን ስም፣ የራሷኑ የአባቷን ስም፣ ፊደል በፊደል ነገረቻት።